ዕንቁላል በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ስትታቀፈው ነው

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በሚበዛበት አስፋልት ዳር አንድ ወጣት ሁለት ቡችሎች አቅፎ ይቆማል። የመኪና መስኮት ሲወርድ ጠጋ ብሎ «ንጹሕ ጀርመን ነው ጋሼ፤ ሁለት ወር ሞልቶታል» ይላል። ከኋላ ወንበር ያሉት ልጆች ቀድመው እጃቸውን ዘርግተዋል። አባት ይከራከራል፣ ትንሽ ያስቀንሳል፣ ይከፍላል። ቡችላው በካርቶን ሆኖ ቤት ይገባል። ስም ይወጣለታል፤ ወተት ይቀዳለታል።

ከወር በኋላ ያው ቡችላ ያኔ የነበረበት ነው። እግሩ አልረዘመም። የጎን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ሆዱ ብቻ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሲራመድ ይወላገዳል፤ አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ይውላል። ቤተሰቡ መጨነቅ ይጀምራል። ጎረቤት ያሉት እትዬ «ዘሩ ነው ልጆቼ፤ ድንክ ሸጠውላችሁ ነው» ይላሉ። የግቢው ዘበኛ «ትል ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ስጡት» ይላል። አባወራው ደግሞ ልጆቹን የሚያጽናናበት ተረት አያጣም፤ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል»።

ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሳይነገር የታለፈ ነገር አለው። ዕንቁላል በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ 21 ቀን ከታቀፈችው ነው። በአሥረኛው ቀን ከሥሯ አውጥቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ሰው ዓመት ቢጠብቅ ጫጩት አያይም።

በከተማው ግቢዎች «አላድግ ያሉት» የብዙዎቹ ቡችሎች ታሪክ ይኸው ነው። ችግራቸው ዘር አይደለም፤ የባለቤቶቻቸው ትዕግሥት ማጣትም አይደለም። እንዲያውም ትዕግሥቱ በዝቷል። ያለ ጊዜያቸው ከእናታቸው ሥር ወጥተው፣ የማይሆናቸውን እየተመገቡ፣ ትል ከውስጥ እየበላቸው «ይደርሳል» ይባላሉ። ሳይደርሱ የሚቀሩትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጊዜው ስንት ነው? ቡችላ ከእናቱ ጋር ሊቆይ የሚገባው ቢያንስ 8 ሳምንት ነው፤ በቀን ሲቆጠር 56። ከሑዳዴ ጾም የሚበልጠው በአንድ ቀን ብቻ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚሆነው ግን ብዙ ነው። ሲወለድ ዐይኑም ጆሮውም ዝግ ነው። ጤነኛ ከሆነ በ10 ቀን ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል። ዐይኑ በሁለተኛው ሳምንት ግድም ይከፈታል። በሦስተኛው ሳምንት መቆምና መንገዳገድ ይጀምራል፤ የወተት ጥርሱም ብቅ ይላል። ከአራተኛው ሳምንት ወዲያ ለስላሳ ምግብ ይቀምሳል። ጡት የሚተወው ግን በአንድ ጀንበር አይደለም፤ እያዘገመ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከበሽታ የሚከላከልበትን የመጀመሪያ አቅም የሚያገኘው ገና እንደተወለደ ከሚጠባው እንገር ነው። ከወንድሞቹ ጋር ሲናከስ ምን ያህል ንክሻ እንደሚያም የሚማረውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ታዲያ ለምን በወሩ አስፋልት ላይ ይወጣል? ምክንያቱ ሒሳብ ነው። እስከ አንድ ወር ድረስ ቡችሎቹን የምትመግበው እናት ናት፤ ለሻጩ ያን ያህል ወጪ የላቸውም። ከዚያ በኋላ ሰባት ስምንት አፍ በቀን አራት ጊዜ ምግብ ይጠይቃል። የትል መድኃኒት ይመጣል፤ ክትባት ይመጣል። በዚያ ላይ ቡችላ ልብ የሚሰርቀው በወሩ ነው። ክብ ፊት፣ ሰማያዊ የመሰለ ዐይን፣ በሁለት መዳፍ የሚታቀፍ ሰውነት። ገዢው ያንን ይፈልጋል፤ ሦስት ወር የሞላውን «አድጓል» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ወጣቱ ቡችላውን በወሩ የሚያወጣው ከሌላው ሰው የከፋ ስለሆነ አይደለም፤ ገበያው የሚከፍለው በወሩ ስለሆነ ነው። «ሁለት ወር ሞልቶታል» የሚለውም ገዢው መስማት የሚፈልገውን ነው።

ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ስሕተት ከደግነት ይመጣል፤ የላም ወተት ይቀዳለታል። የውሻ ወተት በስብም በፕሮቲንም ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ የበለጸገ ነው። በአንጻሩ የላም ወተት ውስጥ ያለው ላክቶስ የሚባለው ስኳር ይበዛና ለቡችላ አንጀት ይከብደዋል። ስለዚህ ቡችላው እየጠጣ ይራባል፤ ብዙ ጊዜም ያስቀምጠዋል። ወተቱ «እንዳይከብደው» ተብሎ በውኃ ሲቀጥን ደግሞ ያችው ትንሽ ምግብ ትቀንሳለች።

ቀጥሎ ፍርፋሪው ይመጣል። እንጀራ ሆድ ይሞላል፤ ብቻውን ግን አጥንትና ጡንቻ አይሠራም። ወጡ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጣጣ አለው። የሐበሻ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም አይቀርም። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ። ቢበስሉም ቢደርቁም ጉዳታቸው አይጠፋም። ዘበኛው በቅን ልቦና ያዘዘው ነጭ ሽንኩርት ትሉን አያወጣለትም፤ ደሙን ግን ሊያሳጣው ይችላል። በጾም ወራት ደግሞ ቤቱ ሲጾም ቡችላውም ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል። ለሰው ጾም ሐሳብና ጸሎት አለው። ቡችላው ግን አጥንቱን በሚሠራበት ዕድሜው የሚያገኘው ሽሮ የነካ እንጀራ ብቻ ይሆናል።

አቅም ያለው ቤት በሌላ በኩል ይሳሳታል። «ውሻን የሚያሳድገው ሥጋ ነው» ብሎ ከሥጋ ቤት ሳንባና ትርፍራፊ ያመጣል፤ ሌላ ምንም አይጨምርም። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፤ ካልሲየሙ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሰውነት ጉድለቱን ለመሙላት ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ይወስዳል። እግሩ ይጎብጣል፤ ሲነካ ይጮኻል፤ ከደረጃ ዘሎ ሲወርድ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል።

እዚህ ላይ እናቶች ለሕፃን የሚያውቁትን ይሞክራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያሞቁታል። ሙቀቱ አይጠላም። ነገር ግን ውሻ እንደ ሰው ከፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ መሥራት አይችልም፤ ሊያገኘው የሚገባው ከምግቡ ነው። የካልሲየም ክኒን በግምት ማብዛትም መፍትሔ አይደለም። በተለይ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ትልልቅ ዝርያዎች በሚያድጉበት ጊዜ ካልሲየም ሲበዛባቸው ራሱ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ችግር ያመጣባቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ያ የተወጠረ ሆድ አለ። ብዙ ሰው «ጠግቧል» ብሎ የሚያልፈው እሱን ነው። የጎን አጥንቱ እየተቆጠረ ሆዱ የተነፋ ቡችላ ግን አልጠገበም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወስፋት አለበት። የውሻ ወስፋት ቡችላውን ለመያዝ መወለዱን እንኳ አይጠብቅም። በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ የኖረው እጭ ስታረግዝ ይነቃና ገና በማኅፀን ሳለ ወደ ቡችላው ይገባል። ከተወለደ በኋላም በወተቷ ይተላለፋል። የመንጠቆ ትል ደግሞ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል፤ የቡችላው ድድ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ሲነጣ አንዱ ተጠርጣሪ እሱ ነው።

ለዚህ ነው የእንስሳት ሐኪሞች የትል መድኃኒት ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 8ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየወሩ እስከ ስድስት ወር እንዲሰጥ የሚመክሩት። መጠኑ የሚሰላው በቡችላው ክብደት ነው። ለሰው የተሠራ ክኒን በዐይን ለክቶ፣ ቆርሶ መስጠት ሕክምና ሳይሆን ቁማር ነው።

ይህን ሲሰማ ትንሽ ቡችላ ያለው ሁሉ መደንገጥ የለበትም። ማነስና አለማደግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንገድ ዳር «ንጹሕ ጀርመን» ተብሎ የተሸጠው ክልስ ወይም የሐበሻ ውሻ ልጅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቡችላ ስልክ ላይ ከሚታየው የጀርመን ሼፐርድ ፎቶ ጋር ቢወዳደር ሁልጊዜ ያንሳል፤ ምንም ላይሆን ግን ይችላል። ንጹሕ የጀርመን ሼፐርድ በ8 ሳምንቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ የሐበሻው ከዚህ ቢያንስ አያስገርምም። ዋናው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ነው?» ሳይሆን «ካለፈው ሳምንት ስንት ጨመረ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ሰው ቡችላውን ይዞ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ብቻውን ይወጣል፤ ልዩነቱን ይጽፋል። በጣም ትንሽ ከሆነ የባለሱቁ ሚዛን ይበቃል። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ሲደገም ወረቀቱ ከጎረቤት ምክር የተሻለ ይናገራል። በየሳምንቱ የሚጨምር፣ የሚጫወት፣ ዐይኑ የነቃ ቡችላ ትንሽ ቢሆንም ደኅና ነው። ሁለት ሳምንት ምንም ያልጨመረ ወይም የቀነሰ ግን ሐኪም ያስፈልገዋል። የሚያስመልሰው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ወይም ምግብ የተወ ከሆነ ቀጣዩን ሳምንት መጠበቅ አይገባም፤ የዚያኑ ዕለት መሄድ አለበት። ፓርቮ የሚባለው የአንጀት ቫይረስ ያልተከተበ ቡችላን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላልና።

እርግጥ ነው፣ በምግብና በትል የማይገለጽም አለ። አንዳንዱ ቡችላ የልብ ወይም የጉበት ደም ሥር ጉድለት ይዞ ይወለዳል። በጀርመን ሼፐርድ ዝርያ ደግሞ ከወላጆች በሚወረስ የፒቱታሪ እጢ ችግር ምክንያት ድንክ ሆኖ የሚቀር አለ። እትዬ «ድንክ ነው» ማለታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ብርቅ ነው፤ ወስፋትና የተሳሳተ ምግብ ደግሞ በየቤቱ ያሉ ናቸው። ብርቁን ከመገመት በፊት በየቤቱ ያለውን ማስወገድ ይቀድማል።

ነገሩ የቡችላው ብቻ ቢሆን እንኳ በቂ ነበር፤ ግን የቡችላው ብቻ አይደለም። ያ የተወጠረ ሆድ ውስጥ ያለው ወስፋት ዕንቁላሉን በግቢው አፈር ላይ ይጥላል። ዕንቁላሉ ጥቂት ሳምንታት አፈር ውስጥ ከቆየ በኋላ ሰውን መያዝ ይችላል። አፈር ላይ ተጫውቶ እጁን ሳይታጠብ ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ሊውጠው ይችላል። እጩ በሰው ሰውነት ውስጥ እየተዘዋወረ ጉበትና ሳንባ ይጎዳል፤ ዐይን ውስጥ ከገባ እይታ ሊያሳጣ ይችላል። «ቀስ ብሎ ያድጋል» እየተባለ ሳይታከም የሚቆየው ቡችላ ከዚያ ቤት ልጆች ጋር ነው የሚያድረው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «የሐበሻ ውሻ በፍርፋሪ አድጎ ዘመኑን ሁሉ ግቢ ጠብቋል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ጠብቋል። ግን የሚታየው ያደገው ነው። በየቦዩና በየአጥሩ ሥር ተወልደው በወር በሁለት ወራቸው የሞቱትን ማንም አይቆጥራቸውም። ከስምንቱ አንዱ ሲተርፍ ያ አንዱ ለፍርፋሪ ምስክር ተደርጎ ይቀርባል፤ ሰባቱ ግን ምስክርነት አይጠሩም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ «ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ ይወራል?» የሚለው ነው። መቀንጨር የሚለውን ቃል ይህ አገር የሚያውቀው በልጆቹ ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. የታወጀውም ለእነሱ ነው። ከዚያ የሚቀድም የለም፤ ውሻ ማሳደግም ግዴታ አይደለም። አቅም የሌለው ቤት አለመግዛቱ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ጨዋነት ነው። ነገር ግን ለቡችላው ገንዘብ የከፈለ፣ ቆርቆሮ ቤት የሠራለት፣ ለልጆቹ «ወንድማችሁ ነው» ብሎ የሰጠ ሰው ከመግዣው ጋር የትል መድኃኒቱንና ክትባቱንም ማሰብ ነበረበት። እነዚህን የማያካትት ዋጋ ርካሽ አይደለም፤ ያልተከፈለው ዕዳ ወደ ቡችላውና ወደ ልጆቹ ነው የሚዞረው።

መፍትሔው የሚጀምረው ከዚያው አስፋልት ዳር ነው፤ ቁልፉም ያለው በገዢው እጅ ነው። እንግሊዝ ከ2020 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ጀምሮ ነጋዴ ከሌላ ቦታ ሰብስቦ ያመጣውን ቡችላ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ገዢው ቡችላውን ከእናቱ ጋር ማየት አለበት። ሕጉ የሉሲ ሕግ ይባላል። ከድንቅነሽ ጋር ዝምድና የለውም፤ ለመራቢያ ብቻ ስትያዝ ኖራ የተጎሳቆለች የአንዲት ውሻ ስም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ይህን ለማድረግ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። «እናቱ የት ናት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሻጩ ማሳየት ካልቻለ መልሱ ተገኝቷል።

ዕድሜውንም ቃል ሳያምኑ ማየት ይቻላል። የቡችላውን አፍ ከፍቶ ማየት ነው። የወተት ጥርሶች በሦስተኛው ሳምንት ብቅ ማለት ጀምረው በ8ኛው ሳምንት ገደማ 28 ይሞላሉ። የኋላ ጥርስ የሌለው ቡችላ «ሁለት ወር ሞልቶታል» ቢባል ሐሰት ነው። ሲቆም የሚንገዳገድ፣ ዐይኑ ገና ሰማያዊ የሆነ ደግሞ ቤቱ እናቱ ጋ ነው።

ከዚህ በላይ የሚሠራው ግን ይህ አገር ከጥንት የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቀብድ። ገዢው ቡችላውን በወሩ ከወደደው ቀብድ ይክፈል፤ ምልክት ያድርግበት፤ እናቱ ጋ ይተወው። የቀሩትን አራት ሳምንታት የምግቡንና የትል መድኃኒቱን ድርሻ ይጨምር፤ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ይዞ ሄዶ ይየው። በ56ኛው ቀን የቀረውን ከፍሎ ይውሰደው። በዚህ ሻጩ አይከስርም፤ ወጪውን የሚጋራው አገኘ። ገዢውም የወሰደው ያደገበትን ቤት፣ እናቱን፣ ጥርሱን ያየለትን ቡችላ ነው። እንዲህ የሚከፍል ገዢ ሲበዛ ቡችላ በወሩ አስፋልት ላይ ማውጣት የማያዋጣ ንግድ ይሆናል። ሻጭን ሲሰድቡ መዋል ግን እስካሁን አንድም ቡችላ አላሳደገም።

አሁን ካርቶን ውስጥ ያለው ቡችላስ? እሱ እናቱ ጋ አይመለስም። ግን ጊዜው ገና አላለፈም። በጊዜ የተደረሰለት ቡችላ የጎደለውን አብዛኛውን ያካክሳል። ዛሬ ይመዘን። ድዱ ይታይ። ነገ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይሂድ፤ የትል መድኃኒቱን በክብደቱ ይውሰድ፤ ክትባቱን ይጀምር። የፓርቮና የመሰሎቹ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ ይደጋገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል። ወጥ ይቅርበት። የተዘጋጀ የቡችላ ምግብ መግዛት የሚችል በሞቀ ውኃ አለስልሶ ይስጠው። የማይችል ሽንኩርትና ቅመም ያልነካው ሩዝ ወይም እንጀራ፣ የተቀቀለ ዕንቁላልና ሥጋ እየቀላቀለ ይስጠው፤ ካልሲየሙን በምን ያህል መጠን እንደሚጨምር ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ሦስት ወር እስኪሞላው ምግቡ ትንሽ ትንሽ እየሆነ በቀን አራት ጊዜ ይሁን።

«አላደገም» ብሎ ሌሊት ወስዶ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ መጣል ግን በቡችላው ላይ ሁለተኛ ጊዜ መፍረድ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ያለ ጊዜው ከእናቱ መነጠሉ ነበር።

አባወራው ለልጆቹ የነገራቸው ተረት ስሕተት አልነበረበትም፤ ግማሹ ነው የቀረው። ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ የሚታቀፈው ካገኘ። ዶሮዋ ከሌለች ማቀፉ የቤቱ ሥራ ነው።